ልጆቹን ከበር አትመልሷቸው

ባለፈው ሰኞ የእህቴን ልጅ ትምህርት ቤት ሸኘሁት። አሥረኛ ክፍል ነው፤ ሰው የሚያደርሰው ልጅ አይደለም። ግን የዚያን ቀን ሥራ የምገባው አርፍጄ ስለነበር "ና አብረን እንሂድ" አልኩት። መንገዱን ሙሉ ሲያወራኝ ነበር። ስለ ኳስ፣ ስለ ባዮሎጂ አስተማሪው፣ ስለ አንድ ጓደኛው አዲስ ስልክ። ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ስንጠጋ ግን ወሬው እየቀነሰ መጣ። ሱሪውን ወደ ታች ሳብ ሳብ ሲያደርግ አየሁት። "ምን ሆንክ?" ስለው "ምንም" አለኝ።

በሩ ጋ ስንደርስ ገባኝ። አጥሩን ተደግፈው ሃያ የሚሆኑ ልጆች ቆመዋል። ግቢ ውስጥ የባንዲራ ሰልፉ አልቆ ተማሪው ወደ ክፍል እየገባ ነው። ውጭ የቆሙት አላረፈዱም። የአንዷ ሹራብ ቀለሙ የትምህርት ቤቱ አይደለም። የአንዱ ጸጉር ከላይ በዛ ብሏል። ሁለቱ ቀይ ሸራ ጫማ አድርገዋል። የእኛው ልጅ ደግሞ ሱሪው ጠበበ ተባለ። ዘበኛው "አንተ፣ ወደዚያ" አሉት፤ እሱም አንድ ቃል ሳይናገር ሄዶ ከሌሎቹ ጎን ቆመ። ለምዶታል ማለት ነው።

እኔ ግን አልለመድኩትም። ጠጋ ብዬ "ጋሼ፣ ሱሪው እኮ አላጠበበውም፣ አድጎበት ነው" አልኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። "እኔ ምን ላድርግ ልጄ፣ የታዘዝኩትን ነው" አሉኝ። ዩኒት ሊደሩ የመጡት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ግማሾቹን በማስጠንቀቂያ አስገቡ፤ ግማሾቹን "ቀይራችሁ ኑ" ብለው መለሱ። የእኛ ልጅ ከተመለሱት ሆነ። ምን ለብሶ እንደሚመጣ ግን የነገረው የለም። ያለው ሱሪ አንድ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ ዩኒፎርም ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም ዩኒፎርም ባይኖር ኖሮ ትምህርቴን መጨረሴን እጠራጠራለሁ።

ያደግነው አራት ልጆች ሆነን ነው። እማዬ ብቻዋን ነው ያሳደገችን። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ዩኒፎርም ነበረን፤ ሁለተኛ የሚባል ነገር አልነበረም። ዓርብ ማታ አውልቀን እንሰጣታለን፤ ቅዳሜ ጠዋት በ501 ሳሙና ታጥባ ገመድ ላይ ታሰጣዋለች። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ካለ ችግር የለም። በሳምንቱ መሐል ከቆሸሸ ግን ማታ ታጥቦ ከሰል ምድጃ አጠገብ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ያድራል፤ ጠዋት በከሰል ካውያ ይተኮሳል። እስከ ዛሬ ያ የእርጥብ ቴትሮንና የጭስ ሽታ በአፍንጫዬ አለ። በዚያ ዩኒፎርም ክፍል ስገባ ግን ከማንም አላንስም ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አባቷ ሁለት ሚኒባስ ያላቸው ሰው ነበሩ። ይህን ያወቅኩት ቤታቸው የሄድኩ ቀን ነው፤ ልብሷ አልነገረኝም። ዩኒፎርም ለደሃ ልጅ እንዲህ ነው። ገመናውን ይሸፍንለታል።

ይህን የማያምን ካለ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ሊጨርሱ ሲሉ የሚያደርጓቸውን ቀኖች ያስብ። ክሬዚ ደይ፣ ከለር ደይ እየተባለ ሁሉም ከቤቱ የፈለገውን ለብሶ የሚመጣበት ቀን። ደስ ይላል፤ ፎቶው ያምራል። ግን የዚያን ቀን ክፍሉን ዞር ብላችሁ ቁጠሩ። ሁሌም የሚቀሩ አሉ። "አመመኝ" ይላሉ፣ "ለቅሶ ነበረብን" ይላሉ። አንዲት ጓደኛዬ ሦስት ዓመት አብረን ተምረን ያን ዕለት ቀረች፤ ከስንት ዘመን በኋላ ነው "የምለብሰው አልነበረኝም" ብላ የነገረችኝ። አለቀስኩ። እኔ የዚያን ቀን የለበስኩት የአክስቴን ልጅ ልብስ ተውሼ ነበር፤ ለእሷም እንዲሁ ማድረግ እንችል ነበር። ግን ዩኒፎርሙ ልዩነታችንን ሸፍኖት ስለነበር እንደቸገራት አላወቅንም።

ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ መስጠት ሲጀምር ከልቤ ነው የተደሰትኩት። ያኔ እማዬ ቴሌቪዥን ላይ ዜናውን ስታይ "እናንተ ቀደማችሁ" ነው ያለችው። መስከረም ሲጠባ የእናቶች እንቅልፍ እንዴት እንደሚጠፋ የምታውቅ ሴት ናት። የእንቁጣጣሽ ወጪ፣ የደብተር ወጪ፣ የዩኒፎርም ወጪ፣ ሁሉም በአንድ ወር ነው የሚመጣው። በግል ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ብዙዎቹ ዩኒፎርሙን ራሳቸው ወይም እነሱ ከመረጡት ሱቅ ብቻ ግዙ ይላሉ፣ ያው ጨርቅ መርካቶ በስንት እንደሚገኝ እያወቅክ የተባልከውን ትከፍላለህ። ስለዚህኛው ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

እና ዩኒፎርሙን እየወደድኩት ለምንድን ነው የምናደደው?

ዩኒፎርሙ የመጣው የደሃውን ልጅ ሊሸፍን ነው። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ግን መጀመሪያ የሚጋለጠው ያው የደሃው ልጅ ነው። በር ላይ የሚቆሙትን ልጆች አይታችኋል? ሁለት ሦስት ዩኒፎርም ያለው ልጅ እዚያ አይቆምም። ሹራቡ ቢቆሽሽ ሌላ አለው። ሱሪው ቢያጥር አባቱ ያሰፋለታል። እዚያ የሚቆመው ሹራቡ ያልደረቀለት፣ ጫማው ተቀዶ የወንድሙን ያደረገ፣ ክረምቱን አንድ ጊዜ ቁመቱ የመዘዘ ልጅ ነው። ፋሽን ብለው ሱሪ የሚያጠብቡ የሉም እያልኩ አይደለም፤ ሞልተዋል። ግን ከበር ላይ ሆኖ ያጠበበውንና የጠበበበትን መለየት አይቻልም። ለመለየት ልጁን ማናገር ያስፈልጋል። የሚያናግረው ግን የለም።

ስለ ሱሪ ካነሳሁ አይቀር፣ ሰፈራችን ያሉት ልብስ ሰፊ የነገሩኝን ልንገራችሁ። በየመስከረሙ የጅምላ ዩኒፎርም ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። ልኩ ለአንዱ እንደ ጋቢ ይሰፋል፣ ለሌላው ከጉልበቱ አያልፍም። የሰፋው ይጠባል፤ የጠበበው ምንም አይደረግም። "የጎረቤትሽን ልጅ ወገቡን አስገብቼለት፣ እግሩንም ትንሽ ቀጠን አድርጌለት ነበር" አሉኝ፣ "በነጋታው መልሼ እንድለቀው ይዞት መጣ።" ጠባብ ነው ተብሎ። ልጁ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ አንዴ ልኩ እንዲሆን፣ አንዴ ልኩ እንዳይሆን።

እኔም ደርሶብኛል። 1999 ዓ.ም. ነው፣ አሥረኛ ክፍል፣ ያኔ አሥረኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና የነበረበት ጊዜ። ፕሪፓራቶሪ የሚገባውና ቴክኒክና ሙያ የሚሄደው የሚለየው እዚያ ነበር። ትምህርቱ ደግሞ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። የዚያ ዘመን ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ከሳተላይት የሚመጣ ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ይሮጣል፣ አይደገምም። አስተማሪው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስረዳል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይጠቀልላል፤ መሐሉ የፕላዝማው ነው። ያመለጠህ አመለጠህ።

አንድ ማክሰኞ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሹራቤ አልደረቀም። መብራት ጠፍቷል፤ ከሰሉም አልቋል። እማዬ የታላቅ እህቴን ቡናማ ሹራብ አልብሳ ላከችኝ። "ብርድ ነው፣ ማን ምን ይላታል" ብላ። በር ላይ ተያዝኩ። አውልቂው አሉኝ፤ አወለቅሁት። ከስር ያለው ሸሚዝ እጅጌው አጭር ነበር፤ ዝናቡ አላባራም። ይሄም ሳይበቃ ለቅጣት ግቢ ጥረጊ ተባልኩ። ስጨርስ የፊዚክሱ ክፍለ ጊዜ አልቋል። ያን ቀን የተማሩት ስለ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ነበር። ከጓደኛዬ ደብተር ላይ ገለበጥኩ፤ አልገባኝም። አሁንም ድረስ ያ ምዕራፍ ሲነሳ የሚታየኝ መጥረጊያውና እርጥቡ ቅጠል ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

ጸጉር ደግሞ አለ። ከሁሉም የሚብሰኝ እሱ ነው።

እኛ ትምህርት ቤት መቀስ ነበር። ሰኞ ሰኞ ሰልፍ ላይ መቀስ ይዘው በመደዳው መሐል ያልፋሉ። ጸጉሩ በዛ ያለውን ልጅ ከመሐል አናቱ ላይ አንድ መስመር ይቆርጡለታል። አይጨርሱለትም። እንደዚያው ተበላሽቶ ቀኑን እንዲውል ነው። ሺህ ተማሪ ይስቃል። አንድ የክፍላችን ልጅ እንዲህ ከተደረገ በኋላ ለሳምንት ጠፋ። ሲመለስ ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ ያ ቀልደኛ ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ ድምፁ አልተሰማም። ያኔ እኔም ስቄአለሁ። ዛሬ ሳስበው ያመኛል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን ጸጉር በሕዝብ ፊት ማበላሸት ምን ያስተምራል? በሥልጣን ላይ ያለ ሰው በአካልህ ላይ እንደፈለገው ሊያደርግ እንደሚችል ነው የሚያስተምረው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕጻናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ሲቪክስ ላይ አስተምረውናል፤ ፈተና ላይም ወጥቶ ነበር። ሲቪክስ ያስተማሩን ክፍል ግን መቀሱ ከሚዞርበት ሜዳ ሃምሳ ሜትር አይርቅም ነበር።

አሁን መቀስ ቀርቷል ይሉኛል። በአንዳንድ ቦታ ቀርቷል፤ በአንዳንድ ቦታ አልቀረም። ይህን የማውቀው ጸጉሩ የተቆረጠበት ልጅ ያላት እናት ጽፋልኝ ስለነበር ነው።

ሴቶች ልጆች ደግሞ ሌላ መዓት አለባቸው። ስለ ቀሚስ ርዝመት፣ ስለ ሸሚዝ ጥበት ሲነገራቸው ሁሌ የሚጨመር ነገር አለ፤ "ወንዶቹን እያሳሳትሽ ነው" የሚል። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዲህ ስትባል የሚሰማትን የምታውቅ ሴት ታውቀዋለች። ሰውነቷ ራሱ ጥፋት ይሆንባታል። ደረቷ ቀድሞ ያደገ ልጅና ያላደገች ልጅ ያው አንድ ሸሚዝ ለብሰው አንዷ ስትያዝ ሌላዋ ታልፋለች። ታዲያ ደንቡ ስለ ልብስ ነው ወይስ ስለ ልጅቷ?

ይህን ብጽፈው ይሻላል። ዘጠነኛ ክፍል ሆነን አንዲት ልጅ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ መጣች። ሹራብ ወገብ ላይ ማሰር ክልክል ነበር፤ ዱርዬነት ነው ይባላል። ፍቺው አሏት። እምቢ አለች። "ንቀሽኝ ነው?" ተባለች። ጆሮዋ ስር ጠጋ ብሎ "ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?" የሚላት አንድ ሴት አስተማሪ እዚያ ቢኖር ነገሩ ያበቃ ነበር። አልነበረም። ፈታችው። ቀሚሷ ደም ነክቶት ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ልጅቷ ሌላ ትምህርት ቤት ቀየረች። ብዙዎች የወር አበባ መጠበቂያ የመግዛት አቅም በሌላቸው አገር ሹራብ ወገብ ላይ ማሰር ስንት ልጅ ከትምህርት እንዳትቀር እንደሚያደርግ ደንቡን ያወጡት ሰዎች አንድ ሴት ልጅ ጠይቀው ቢሆን ያውቁት ነበር።

የሃይማኖት ልብስ ጉዳይም አለ። ብዙ ሰው እሳት ነው ብሎ ይሸሸዋል፤ እኔ ግን ከዚሁ ጋር አንድ ነው የማየው። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ከ150 የሚበልጡ ሙስሊም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒጃብ በመልበሳቸው ከክፍል ውጭ መሆናቸው ተሰማ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባም በዚያው ሰሞን ነበር። መቀሌ ላይ ሰላማዊ ሰልፍ ተወጣ፤ ፍርድ ቤትም ክልከላውን አገደ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አንገቴ ላይ ማተብ አለ። ነገ አንድ ዳይሬክተር ተነስቶ "ከዩኒፎርሙ ጋር አይሄድም፣ በጥሺው" ቢለኝ ምን እንደሚሰማኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የእነዚያ ልጆች ነገር የእኔም ነገር ነው። ሒጃቡ የዩኒፎርሙ ቀለም ይሁን ማለት ይቻላል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንዲህ አድርገው በሰላም ይኖራሉ። ለዓመታት የለፋች ልጅን ፈተና ላይ ስትደርስ በር ላይ ማስቀረት ግን ሥርዓት ማስከበር አይባልም።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይህን ክርክር አይተውታል። ኬንያ ውስጥ ድሬድ ያላት የራስታ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጉዳዩ ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤቱ ለልጅቷ ፈረደላት። ጋና ውስጥ አቺሞታ የሚባለው ትልቅ ትምህርት ቤት ሁለት የራስታ ልጆችን ጸጉራችሁን ካልተቆረጣችሁ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የአክራ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተቀበሏቸው አለ። የሚገርመው የራስታዎቹ እምነት ወደ እኛው አገር የሚያይ መሆኑ ነው። ሻሸመኔ ያሉ ልጆቻቸው የኛኑ ዩኒፎርም ለብሰው የሚማሩ ናቸው።

ይህን ሐሳቤን ለአንድ የማከብረው መምህር አጫወትኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። በሁሉም አልተስማማም፤ የተናገረውን ሳላዛባ ላቅርበው። "አንቺ በር ላይ ሃያ ልጅ አየሽ፤ እኔ ውስጥ ሁለት ሺህ ልጅ አለብኝ" አለ። ዩኒፎርም ካልጠበቀ ከውጭ የሚገባውን መለየት አይቻልም፤ ሲጋራና ሐሺሽ ይዘው የሚገቡ የሰፈር ጎረምሶች አሉ። አንድ ጊዜ ዩኒፎርም ያልለበሰ ልጅ ተማሪ ነኝ ብሎ ገብቶ ሰው በስለት ወግቷል። ደግሞም አለ፣ አንዱን ዛሬ ካለፍክ ነገ አሥር ይሆናሉ፤ በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ የሠርግ ቤት ይመስላል። ሌላም ጨመረ፤ አንዳንድ ወላጅ እኮ ራሱ ደውሎ "ቀጥቅጡልኝ" ይላል፤ ቤቱ ያልቻለውን ጥብቅነት ከእኛ ይጠብቃል።

የጸጥታውን ነገር ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። ልጆቻችን በሰላም ውለው እንዲመለሱ ነው የምንልካቸው። ግን ተማሪውን ከሌባው የሚለየው ዩኒፎርም መልበሱና መታወቂያ መያዙ ነው። የሱሪው ስፋት በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ጸጉሩ ስንት ጣት እንደሆነ፣ የጫማው ማሰሪያ ቀለም፣ እነዚህ ከጸጥታ ጋር ምንም አያገናኛቸውም። መጀመሪያ ለደህንነት የወጣው ደንብ ዓመት በዓመት አንድ መስመር እየተጨመረበት፣ እየተጨመረበት፣ የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የተሰጠው ወረቀት ሁለት ገጽ ሆኗል። ስለ ፊዚክስ ላብራቶሪው አንድም መስመር የለበትም።

"አንዱን ካለፍክ አሥር ይሆናሉ" ለሚለውም መልስ አለኝ። አልፉት አላልኩም። ተናገሩት፣ መዝግቡት፣ ለእናቱ ደውሉ፣ ከትምህርት በኋላ አስቀሩት። ትምህርቱን ግን አትንኩበት። ቅጣቱ ለምን ትምህርት ማጣት ይሆናል? ትምህርት ቤት ልጁን የሚቀጣው ራሱ የቆመለትን ነገር በመንሳት ከሆነ ለልጁ የሚነግረው "ከክፍልህ ሱሪህ ይበልጣል" ብሎ ነው። እና እውነቱን እንነጋገር፤ የምናባክነው ትርፍ ሰዓት የለንም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ ብለን ተጽናናን። በእነዚያ ዓመታት ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስት ያህሉ በወደቀበት አገር አንድ ክፍለ ጊዜ በአጥር ስር ማሳለፍ ቀላል ነገር አይደለም። ዩኒፎርም ጠበቅ ማድረግ ውጤት ያመጣል የሚሉ አሉ። ጠባብ ሱሪ የማይገባባቸውን ትምህርት ቤቶች እኔም አውቃለሁ፤ ከነሱ ውስጥ አንድም ተማሪ ያላለፈላቸው አሉ።

መምህሩ ይህን ስለው ዝም ብሎ ቆየና "የእኛ ችግር ጊዜ ነው" አለኝ። ልጁን የሚያናግረው ሰው የለም፤ አንድ ዩኒት ሊደር ለስንት መቶ ተማሪ። በር ላይ ማስቆም ቀላሉ ነው። ይህን ማመኑን ወደድኩለት። እኔም አመንኩት። አስተማሪዎቻችን በምን ደመወዝና በምን ድካም እንደሚሠሩ ሁላችንም እናውቃለን።

ግን ቀላል የሆኑ ነገሮች አሉ። አንድ ካርቶን አሮጌ ዩኒፎርም በር አጠገብ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ የሚወጣ ልጅ ሁሉ ሹራቡን ትቶ ቢሄድ በሁለት ዓመት ውስጥ ሙሉ መጋዘን ይሆናል፤ ሹራብ ያልደረቀላት ልጅ አንዱን አውጥታ ለብሳ፣ ማታ መልሳ ትሄዳለች። ደንቡ ሲወጣ ተማሪዎችን ማስቀመጥም ይቻላል፤ የተማሪ ካውንስል የሚባል ነገር በየትምህርት ቤቱ አለ፣ ከባንዲራ መስቀል ያለፈ ሥራ ይሰጠው። ሴቶቹን ሴት አስተማሪ ታናግር፣ ለብቻ፣ በዝግ ቦታ። ጸጉር ንጹሕ ይሁን፤ ከዚያ በላይ የትምህርት ቤት ጉዳይ አይመስለኝም። አፍሮ ያለው ልጅ ከተላጨው ይልቅ ሒሳብ እንደማይገባው ማን ነው ያረጋገጠው?

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። "ቀጥቅጡልኝ" አትበሉ። እባካችሁ። ልጁ ቤት ውስጥ የማይሰማችሁ ከሆነ ተቀምጣችሁ ጠይቁት እንጂ ለመቀሱ አሳልፋችሁ አትስጡት። ከበር ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ "ምን አጠፋህ?" አትበሉት። የእህቴ ልጅ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ለእናቱ አልነገራትም ነበር። ሰፈር ውስጥ ሲዞር ውሎ በሰዓቱ ይገባል። ፎርፎ እንዳልሆነ የሚያምነው ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ሰኞ ማታ እህቴ ጋ ሄድኩ። ነገርኳት። ሱሪውን አመጣችና ብርሃን ስር ገልብጣ አየችው። እማዬ ልብስ ስታሰፋ ሁሌ "ለማደጊያ ተውለት" የምትለው ነገር ነበር፤ እህቴም ይህን ሱሪ ስታሰፋ ይህንኑ ብላ ኖሯል። ከታች ወደ ውስጥ የታጠፈ አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ አለ። ጎንና ጎኑ ላይም ትንሽ አለ። ስፌቱን በምላጭ ፈታነው፤ እሷ አንዱን እግር፣ እኔ ሌላውን። ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር፤ አልፎ አልፎ ቀና እያለ ያየናል።

ስንጨርስ ረዘመ። ሰፋም። ግን የድሮው እጥፋት የነበረበት ቦታ ላይ መስመር ቀረ፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ጨርቅ በፀሐይና በመታጠብ ነጥቷል፣ ከመስመሩ በታች ያለው ገና እንደተገዛበት ቀን ጥቁር ሰማያዊ ነው። እህቴ በካውያ ደጋግማ ተኮሰችው። አልጠፋም። ልጁ ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በጣቱ ነካው፣ ከዚያ እኔን ዞሮ አየኝና "ቀለሙ ሁለት ነው ይሉኝ ይሆን?" ብሎ ጠየቀኝ።